ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አናናስ ወይስ ዘይቱን? የቤት ማርማላታ ለሚሠራ ሰው የምርጫ መመሪያ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዓለም ገና መገንጠያው ጋ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። በቡታጅራ መንገድ የመጣው አይሱዙ ጭነቱን አራግፏል። ደህና ደህናው ማንጎ ተሸጧል። የቀረው ለስለስ ያለው፣ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጥብ ያለበት፣ ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሻጯ ታየኛለች። «የኔ እናት፣ ሳጥኑን እንዳለ ውሰጂው፤ ለሰኞ አይደርስም» ትላለች። ዋጋውን በግማሽ ትጥለዋለች። እኔ ደግሞ ርካሽ አይቼ ማለፍ አልችልበትም።

ጣጣው ቤት ሲደረስ ነው። ሳጥን ሙሉ ማንጎ ማን ይጨርሰዋል? ጁስ ይጠጣል፣ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ልጆቹ «ደግሞ ማንጎ?» ማለት ይጀምራሉ። ማክሰኞ ላይ ግማሹ ይጣላል። ማርማላታ መሥራት የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት የሚጾም ልጅ ቀትር ላይ ምን ይዞ ይዋል? ዳቦ በማርማላታ ነዋ።

ማርማላታ ስል ሁሉንም ማለቴ ነው። ቃሉ ከጣሊያን የመጣ ነው። አሁን አሁን ሱፐርማርኬት ውስጥ «ጃም» የሚል ተለጥፎበት ታያላችሁ። ለእኛ ቤት ግን ዳቦ ላይ የሚቀባ የፍራፍሬ ነገር ሁሉ ማርማላታ ነው።

ባለፉት ዓመታት ድስት አሳርሬአለሁ። ጠርሙስ ሰብሬአለሁ። አንድ ሙሉ ዙር ፓፓያ ወደ ጠጅነት ለውጬአለሁ። ከዚያ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። የትኛው ፍራፍሬ? ስንት ስኳር? የትኛው እሳት? የትኛው ጠርሙስ?

ጭራሽ ባናፈላውስ?

ይህን ቶሎ ልለፈው። ፍራፍሬን ለማቆየት ማድረቅም ማቀዝቀዝም ይቻላል።

ማድረቅ ለእኛ ሰፈር አይሆንም። ማንጎ በብዛት የሚገባው ከፋሲካ ወዲያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው፤ ፀሐይዋ መድከም ስትጀምር ማለት ነው። ጥሩው ፀሐይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንጎው ውድ ነው። አንድ ጊዜ በግንቦት ሞክሬ በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣ፤ ጠዋት ሳየው ሻግቶ ነበር። የከባድ መኪናውን አቧራ ሳንቆጥር ነው።

ፍሪዘር ያለው ሰው ቆርጦ በፌስታል ቢከት ጥሩ ነው። መብራት ካልጠፋ። እኛ ጋ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ፍሪዘር ለሁለት ሦስት ሳምንት ማቆያ እንጂ ለዓመት መተማመኛ አይሆንም። በደንብ የታሸገ ማርማላታ ቁምሳጥን ውስጥ ዓመት ይቀመጣል፤ መብራትም አይጠይቅም። ወደ እሱ እንሂድ።

ፍራፍሬውን በምን እንምረጥ?

ሰው ፍራፍሬ የሚመርጠው በጣዕሙ ነው። ድስቱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። መጎምዘዝ አለው ወይ? መርጋት አለው ወይ?

የሚያረጋው ነገር ፔክቲን ይባላል። ፍራፍሬው ውስጥ ያለ ነው። ከስኳርና ከአሲድ ጋር ሲፈላ ይያያዝና ማርማላታውን ማንኪያ ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። አሲድ ከሌለ አይያያዝም። ስኳር ካነሰም አይያያዝም። ደግሞ ፍራፍሬው በጣም ሲበስል ፔክቲኑ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ነው ያ ርካሽ ሳጥን ጉድ የሚያደርገን። ለስላሳው ማንጎ ጣዕሙ ልዩ ነው፣ ብቻውን ግን አይረጋም። አሁን ሳጥኑን ስገዛ ሻጯን አንድ ኪሎ ጠንካራ፣ ገና ያልበሰለ ማንጎ እንድትጨምርልኝ እጠይቃታለሁ። ሦስት እጅ የበሰለ፣ አንድ እጅ ጠንካራ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

አሲዱ ለመርጋት ብቻ አይደለም፤ ለጤናም ነው። አሲድነት በፒኤች ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይጎመዝዛል። ከ4.6 በታች ከሆነ ያ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አይራባም። ፓሽን ፍሩት ወደ 3 ገደማ ነው። አናናስ ከ3.2 እስከ 4። የበሰለ ማንጎ ከ3.4 ተነስቶ እስከ 4.8 ይደርሳል፤ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ። ፓፓያ ግን ከ5 በላይ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ማንጎ

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ ብላችሁ ቁጠሩ። አንዱ አነስ ያለው የሀበሻ ማንጎ ነው። ሽታው ቤቱን ይሞላል። ግን ክር አለው፣ ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ፍሬውም ትልቅ ነው። ከተላጠና ፍሬው ከወጣ በኋላ ግማሽ ያህሉ ቢቀራችሁ ነው። ሌላው «አፕል ማንጎ» እያሉ የሚሸጡት ነው። ኬንትና ቶሚ አትኪንስ የሚባሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ትልልቅ፣ ሥጋቸው የበዛ፣ ክራቸው ያነሰ። ለመብላት አፕሉን እመርጣለሁ። ለማርማላታ ግን የሀበሻውን ነው የምይዘው። ክሩ በወንፊት ይወጣል፤ ያንን ሽታ ግን ከየትም አታመጡትም። ጊዜ የሌለው ሰው ሁለቱን ይቀላቅል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ላይ ማንጎን የሚያጠቃ ነጭ ተባይ ታይቶ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። ልጣጩ ላይ ነጫጭ ነገር ይለጥፋል፤ ፍሬው ሲበስል ቀላ ያለ ነጥብ ይተዋል። ገዢው መልኩን አይቶ ያልፈዋል። እኛ ግን ልጣጩን ለምን እንፈልገዋለን? በደንብ አጥቦ መላጥ ነው። ሥጋው ካልተበላሸ ለድስቱ ምንም አይለውም። ዋጋውን ለመከራከርም ይረዳል።

የኔ መጠን ይኸው፦ 1 ኪሎ የተላጠ የማንጎ ሥጋ፣ 750 ግራም ስኳር፣ የ3 ሎሚ ጭማቂ። የሎሚውን ፍሬ አልጥለውም። በንጹሕ ሻሽ ቋጥሬ ድስቱ ውስጥ እከተዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ጨምቄ አወጣዋለሁ። የሎሚ ፍሬና ነጩ የውስጥ ልጣጭ ፔክቲን የሞላባቸው ናቸው። የፔክቲን ዱቄት እኛ ሰፈር ሱቅ ውስጥ አይቼ አላውቅም፣ ግን ይህ ቋጠሮ ካለ አልናፍቀውም።

ቆዳው የሚቆጣ ሰው ማንጎ ሲልጥ ጓንት ያድርግ። ልጣጩና ወተቱ አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል።

ፓፓያ

ርካሽ ነው። አንዱ ራሱ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ፍሬው በማንኪያ ተጠርጎ ይወጣል፣ ልጣጩ ቀጭን ነው፣ ብክነት የለውም። መልኩ ያምራል። በዋጋ ብቻ ቢሆን አሸናፊው እሱ ነበር።

እኔም በዚህ ተታልዬ ነው የገባሁበት። የመጀመሪያ ዙሬን ያለ ሎሚ ሠራሁ። ስኳሩንም «ጤና ነው» ብዬ ግማሽ አደረግኩት። ስድስት ጠርሙስ ሞላሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ስከፍት «ጲስስ» አለ። አረፋው በጎን ወረደ። ጎረቤቴ እማማ ብቅ ብለው አሸተቱና «ልጄ፣ ይሄ ጠጅ ነው፤ ጌሾ ብቻ ነው የጎደለው» አሉኝ። ስቀን ስናበቃ ስድስቱንም ደፋሁት። አፍልቶ መልሶ ማሸግ የሚባል ነገር የለም። የፈላ፣ ያፈተለከ፣ ክዳኑ ያበጠ ጠርሙስ አይቀመስም።

ስለዚህ ፓፓያ ከሆነ ለ1 ኪሎ ሥጋ የ4 ሎሚ ጭማቂ አታሳንሱ፤ ስኳሩም ኪሎ በኪሎ ይሁን። ወይም ጓደኛ ፈልጉለት። ፓሽን ፍሩት ለፓፓያ የተፈጠረ ይመስለኛል። ለ1 ኪሎ ፓፓያ የስድስት ሰባት ፓሽን ውስጡን ጨምሩበት፤ ጎምዛዛነቱንም ሽታውንም ይሰጠዋል። ሎሚውን ግን እንዳትተዉት፤ ግማሹን አስቀሩ። ፓፓያ ብቻውን ሲፈላ ያቺ ልዩ ሽታው ትጎላለች። የማይወዳት ሰው ብዙ ነው። የኔ ባል አንዱ ነው።

አናናስ

ከሲዳማና ከጌዴኦ በኩል የሚመጣው አናናስ ሃይሌ ጋርመንት ይገኛል። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ወደዚያ ከመጣ ወዲህ ለእኛ ለዳር ሰፈሮቹ ቀርቦልናል። አናናስ አሲዱ በቂ ነው። ስለዚህ በጤና በኩል አያሳስብም። ፔክቲኑ ግን ጥቂት ነው። ብቻውን ካፈላችሁት ሽሮፕ ውስጥ የሚዋኝ ቁራጭ ይሆናል። ለፓን ኬክ ጥሩ ነው፣ ዳቦ ላይ ግን ይፈሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለ1 ኪሎ አናናስ ሁለት ትንንሽ ያልበሰለ የጨንቻ ፖም ፈቅፍቃችሁ ጨምሩ። ፖም በፔክቲን ሀብታም ነው፤ ጣዕሙም አይታወቅም። ፖሙ ከጠፋ ሩብ ኪሎ ጠንካራ ማንጎ። ስኳሩ 700 ግራም ይበቃዋል። መሐሉ ያለውን ጠንካራውን ግንድ አትጣሉት፤ በደቃቁ ከተከተፈ አብሮ ይበስላል። ልጣጩን ደግሞ በደንብ አጥቤ ከዝንጅብል ጋር አፍልቼ እንደ ሻይ እጠጣዋለሁ። ይህ ከጉዳያችን ውጭ ነው፣ ግን የሚጥል ሰው ሳይ ያመኛል።

ጥሬውን ሲቆርጡ እጅና ምላስ የሚቆነጥጠው ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም ነው። ሲፈላ ይጠፋል።

ዘይቱን

የኔ አሸናፊ ይኸው ነው። ማንም ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው፤ ሰውም ይገረማል። ዘይቱን እኮ የልጅነት ፍራፍሬ ነው፣ ሰው ከዛፍ ላይ አውርዶ የሚበላው። ማን ለድስት ይገዛዋል?

አሲዱ ልክ ነው። ፔክቲኑ ከተረፈ የሚተርፍ ነው፤ የሎሚ ቋጠሮም አያስፈልገውም፤ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ለወዙ ይበቃል። የረጋው ዘይቱን በቢላዋ ይቆረጣል። ውስጡ ሮዝ የሆነውን ካገኛችሁ ማርማላታው የጡብ ቀለም ይዞ ይወጣል። ሽታው ደግሞ ደረጃው ድረስ ይወርዳል። ባለፈው ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ «ምንድነው የምትሠሩት?» ብላ ወጥታ መጣች። ጠርሙስ ይዛ ነው የተመለሰችው።

ችግሩ ፍሬው ነው። ትንንሽ፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ብዙ። ለሁለት ሰንጥቃችሁ፣ ውሃው በጭንቅ እስኪሸፍነው አድርጋችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ታፈሉታላችሁ። ከዚያ በጭልፋ ጀርባ እየጫናችሁ በወንፊት ታሳልፉታላችሁ። ክንድ ያደክማል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሌላው ችግር ትል ነው። ጉሊት ላይ በመደብ ሲሸጥ ለስላሳና ቢጫ ቢጫው ያጓጓል፤ ውስጡን ግን ሳትሰነጥቁ አትመኑት። እኔ አንድ መደብ ስገዛ ሩቡ እንደሚጣል አስቤ ነው።

ከወንፊት የወጣውን ለ1 ኪሎ 750 ግራም ስኳር።

የቀሩት

ብርቱካን ማርማላታ እወዳለሁ፣ ግን ቤት አልሠራውም። መራራውን ልጣጭ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ መቁረጥ፣ ሁለቴ ማፍላት ነው፤ ብርቱካኑም አሁን አይቀመስም። መርቲን ገዝቶ መብላት ይሻላል። ሙዝ ይጠቁራል። አቮካዶ ሲፈላ ይመራል፤ እንዳትሞክሩት። ጊሽጣ በጥሬው ይበላ፣ ነፍሱን አታስጨንቁት።

ስኳሩን ብቀንሰውስ?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው። እኔም ስኳር ከሸማቾች ሱቅ ሲጠፋ ጥያቄው ይመጣብኛል። መልሱ በሒሳብ ነው።

የታሸገ ማርማላታ ውጭ እንዲቀመጥ ከመቶ 65 ያህሉ ስኳር መሆን አለበት፤ የፍራፍሬው የራሱ ስኳር ተጨምሮ። የቀረው ውሃ ነው። እዚያ እስኪደርስ ታፈላላችሁ፣ ውሃው ይተናል። አሁን 1 ኪሎ የማንጎ ሥጋ ውሰዱ። 1 ኪሎ ስኳር ብትጨምሩበት 1.8 ኪሎ ገደማ ማርማላታ ይወጣዋል። በ750 ግራም ወደ 1.4 ኪሎ። በግማሽ ኪሎ ስኳር ደግሞ ከ1 ኪሎ እምብዛም አያልፍም።

አያችሁ? ስኳር ቀነስኩ ያለ ሰው እሳቱን ይጨምራል። ብዙ ውሃ ማትነን አለበት፤ ረጅም ሰዓት ያማስላል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ሽታው በእንፋሎቱ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ማንኪያው ላይ ያለው ጣፋጭነትም ያው ነው። ቶሎ ካወረዳችሁት ደግሞ ጣፋጭነቱ በእርግጥ ያነሰ ይሆናል፣ ግን ያ ማርማላታ የፍሪጅ ነው። ሦስት ሳምንት ውስጥ መበላት አለበት። ቁምሳጥን አያውቅም።

የኔ ምርጫ 750 ነው፤ ከፓፓያና ከአናናስ በስተቀር። ስኳሩን መጨመር ያለባችሁ ፍራፍሬው ለስልሶ ከበሰለ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ ቁራጩ ይጠነክራል፣ አይበስልም።

በማር የሚሠሩም አሉ። ይቻላል፣ ይጠቁራል፣ የማሩ ጣዕም ይጎላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም።

እሳትና ያ 105 ዲግሪ

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ። ቴርሞሜትር ገዛሁ። አንድ የውጭ ቪዲዮ «105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ይላል። እሺ ብዬ ጠበቅኩ። 96። 97። 98። ማንኪያው መክበድ ጀመረ። እኔ ዓይኔ ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። 101 ላይ ጫፉ መጥቆር ጀመረ። «ገና ነው» አልኩ። መጨረሻ ላይ የወጣው ከረሜላ ነው። ጠርሙሱን ገልብጬ ብመታው እንኳ አልወርድም አለ።

ነገሩ የገባኝ ውሃ ሳፈላ ነው። ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 92 ላይ ቆመ። አልንቀሳቀስም አለ። ባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እኛ ያለነው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ማርማላታ የሚረጋው ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ የኛ ቁጥር 97 ነው። 105 የባሕር ዳርቻ ሰው ቁጥር ነው። ሱሉልታ ያለ ሰው ከኛም አንድ ዲግሪ ይቀንስ። አዳማ ያለች እህቴ 99 ላይ ታወርዳለች። ሁላችሁም መጀመሪያ ውሃ አፍሉና የቤታችሁን ቁጥር እወቁ፤ ከዚያ 5 ጨምሩ።

ቴርሞሜትር የሌለው አይጨነቅ። ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ማርማላታው ሲከብድ እሳቱን አጥፉ፤ አንድ ጠብታ በቀዝቃዛው ሳህን ላይ ጣሉ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። በጣታችሁ ከጎን ግፉት። ላዩ እንደ ቆዳ ከተሸበሸበ ደርሷል። ጣታችሁን ተከትሎ ከፈሰሰ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። እኔ አሁን ቴርሞሜትሩም እያለኝ ሳህኑን ነው የማምነው።

እሳቱን በተመለከተ፣ ማርማላታ በኃይል መፍላት ይወዳል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ወዲያው መውረድ። የሲሊንደር ጋዝ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ዋጋው ነው እንጂ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ለመብረድም ይዘገያል፤ ስለዚህ ድስቱን ከምድጃው ላይ ማንሳት ነው። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ክደኑትና ተዉት፤ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ። ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም፣ ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል። ከሰል ኃይል አለው፤ መቀነስ ግን አይቻልም፣ ከታች ያሳርራል። በከሰል የሚሠራ ሰው ማማሰያውን ከእጁ አይልቀቅ። ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሥራ። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ለአንድ ሰዓት ማንደድ ሰው ይገድላል።

ድስቱ ሰፋ ያለና ዝቅ ያለ ቢሆን ውሃው ቶሎ ይተናል። ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ስኳር ከገባ በኋላ አረፋው ይነሳል። ቀላሉን የአሉሚኒየም ድስት ተዉት። ከአሲዱ ጋር ይጣላል፣ የብረት ጣዕም ይተዋል። ስቴንለስ ይሁን። በአንድ ጊዜም ከ2 ኪሎ ሥጋ በላይ አትሥሩ። አስር ኪሎውን ባንዴ ልገላገል ያለ ሰው ሦስት ሰዓት ያማስላል፤ የሚያገኘውም ቡናማ ነገር ነው።

ጠርሙስ

አዲስ ጠርሙስ ከክዳኑ መርካቶ ይገኛል፤ በደርዘን ሲገዛ ይረክሳል። ያገለገለውን ደግሞ ምናለሽ ተራ፣ ወይም ከበር ላይ «ቁራሌው!» የሚለውን ልጅ ጠርታችሁ መጠየቅ ነው። የኦቾሎኒ ቅቤና የማር ጠርሙስ ይበቃል። ጠርሙሱ ቢያገለግል ችግር የለውም፤ አፉ ካልተሸረፈ። ክዳኑን ግን በደንብ እዩት። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት የተቀደደ፣ የዛገ ወይም የበርበሬ ሽታ የያዘ ከሆነ አይሆንም። ለዓመት የማስቀምጠውን በአዲስ ክዳን፣ በወር የሚበላውን በድሮው አደርጋለሁ። ፕላስቲክ ጨርሶ የለም፤ ትኩሱን አይችልም።

ጠርሙሱን በሚፈላ ውሃ ካፈላችሁ በኋላ ትኩሱን ማርማላታ በትኩስ ጠርሙስ። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ ከጨመራችሁ ይሰነጠቃል፤ ከሰበርኳቸው አብዛኞቹ በዚህ ነው። ከአፉ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አጉድሉ። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ከዚያ ትልቅ ድስት ውስጥ፣ ከሥር ጨርቅ ተነጥፎ፣ ውሃው ክዳኑን በሁለት ጣት እስኪያልፍ አድርጋችሁ አፍሉት። ባሕር ጠለል ላይ 5 ደቂቃ የሚበቃው እኛ ጋ 15 ይሆናል። ምክንያቱ ያው 92 ዲግሪ ነው፤ ውሃችን ቀዝቀዝ ያለ ነው።

አውጥታችሁ ስታስቀምጡት «ጧ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ክዳኑ ወደ ውስጥ ተስቧል ማለት ነው። ጠዋት መሐሉን በጣት ጫኑት። ከፍ ዝቅ ካለ አልታሸገም፤ ፍሪጅ አስገብታችሁ መጀመሪያ ብሉት።

ላዩ ላይ ሻጋታ ያየ ሰው ሻጋታውን በማንኪያ ገፍፎ የቀረውን ይበላል። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር። አታድርጉት። ዓይን የማያየው ወደ ታች ወርዷል፤ ጠርሙሱ እንዳለ ይጣል።

እንግዲህ ማን የቱን ይሥራ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ማንጎ፣ ሁለት ኪሎ ብቻ፣ በሎሚና በቋጠሮው። ቢበላሽም ብዙ አያሳዝንም። ፍሪጅ የሌለው፣ ጠርሙስ ከፍቶ ቶሎ የሚጨርስ ትልቅ ቤተሰብ ከሆነ ዘይቱን፤ ትንንሽ ጠርሙስ ውስጥ፣ አንዱ በሁለት ሦስት ቀን እንዲያልቅ። ገንዘብ ያጠረው ፓፓያ በፓሽን ይሥራ፤ ሎሚውን ግን እንዳይረሳ። ለእንግዳ፣ ለስጦታ፣ ለፋሲካ መዋያ አናናስ ያምራል፤ ቁራጩ በጠርሙሱ ውስጥ ወርቅ መስሎ ይታያል።

እኔ ዛሬ ማታ ማንጎ ነው ያለኝ። ሳጥኑ በረንዳ ላይ ነው። ሳህኗ ፍሪዘር ገብታለች። መብራቱ እስካሁን አለ።